በዘማሪዎቹ ሽፋን ውስጥ

«በዚያ ሽማግሌ ሸክላ ውስጥ የሞተች ሚስቱ አለች።»

ይህን የምትለው ባንችይርጋ ነበረች። ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ ትለዋለች፤ የስልክ ኤርታይም ስትሞላ ትለዋለች፤ ምንም የማትገዛ ቀን ደግሞ የታክሾፓችንን፣ የሰፈር ሱቃችንን፣ የብረት ፍርግርግ በሁለት እጇ ይዛ፣ እስረኛ ልትጠይቅ የመጣች ይመስል፣ ትለዋለች። ባንችይርጋ በሶዌቶ ቤት ለቤት እየዞረች ብርድ ልብስና መጋረጃ የምትሸጥ የዱራሜ ሴት ናት። የማታንኳኳው በር ስላልነበረ የማትሰማው ወሬ አልነበረም፤ ያልሰማችውን ደግሞ ራሷ ትሠራዋለች። በዚያ ዓመት በኮሮና ምክንያት መዞር ሲከለከል ብርድ ልብሱ ቤቷ ቀረ፣ ወሬው ግን እኛ ጋ እየመጣ ይራገፍ ጀመር።

«ዘፈኑ ሲያልቅ ትስቃለች። በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ትላለች።

«ታዲያ ምን አለችሽ?» ይላታል አባቴ፣ ስኳር እየሰፈረ።

«የሞተ ሰው ምን ይላል ካሚል? ይስቅብናል እንጂ።»

አባቴ አንገቱን ይነቀንቃል፤ እኔ ግን ስኳሩም ሚዛኑም ጠፍቶብኝ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሸክላ ሻጭ ነኝ። አንድን ሸክላ መብራት ሥር አዘንብዬ የት አገር፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛው እትም እንደወጣ እናገራለሁ፤ ይህንንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ስለዚህ የዚያን ጊዜዋን ልጅ ስሳለቅባት አትዘኑላት። እኔ ራሴ ነኝ፣ መብቴ ነው።

እናቴ ፈዲላ አዲስ ከተወለደው ወንድሜ ጋር ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለው ቤታችን ነበረች። ሕፃኑ እንቅልፍ ስለነሳኝ «ለሦስት ቀን አባትሽ ጋ ሂጂ» ተብዬ ነው ሶዌቶ የመጣሁት። በሁለተኛው ቀን በቴሌቪዥን አገሩ ሊዘጋ ነው ተባለ። የሦስት ቀኑ እንግድነቴ አምስት ወር ሆነ።

ሱቃችን የአንድ ሽማግሌ ቤት ጋራዥ ነበር። ከፊት ፍርግርጉና መደርደሪያው፣ ከኋላ ሁለት ፍራሽና የአባቴ መስገጃ። ከፍራሼ በኩል ያለው ግድግዳ የሽማግሌው ሳሎን ግድግዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምኩሉ ይለዋል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። እኛም ምኩሉ አልነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ሰው ነበር። የት እንደተቃጠለ ጠይቄው አላውቅም። ልጅ የሚያየውን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ የነበረ ይመስለዋል።

የእኔ ሥራ ሳኒታይዘር መርጨት ነበር። ጠርሙሱን እንደ ሽጉጥ ይዤ ፍርግርጉ ሥር እቆማለሁ፤ «እጅ!» እላለሁ፤ ቦክሰኛ የሚያካክሉ ወንዶች ሳይቀሩ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። የሰው ልጅ እንደዚያ የታዘዘኝ ያኔ ብቻ ነው። ባንችይርጋ ላይ አበዛባታለሁ።

«ኧረ ይቺ ልጅ፣ ልታጠምቂኝ ነው?» ትለኛለች።

«አፍሽንም ብረጭልሽ ጥሩ ነበር።»

«ሰሚያ!» ይላል አባቴ፤ ፊቱን ያዞረው ሊስቅ እንደሆነ ግን አያለሁ።

አባቴ ከስልጢ የመጣ ሰው ነው። ያለፈው ዓመት ሱቃችን ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣ፦ ጥሩ ነገር ጥሩ ልብስ አይለብስም። የስልክ ካርዶቹ ባዶ የኦሞ ካርቶን ውስጥ፣ ወረቀታችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ከዳይፐር ፓኬት ታች ይቀመጣል። የሚያምረው የብረት ሣጥን ከፊት መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ይታያል፤ ውስጡ ግን የተበላሹ ባትሪዎች ናቸው። «ሌባ ዓይኑን ነው የሚያምነው» ይለኝ ነበር። «አንቺ ሌባውን ዓይኑ ላይ ግጠሚው።» በሎኬሽን፣ በጥቁሮች ሰፈር፣ የሚሠራ የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ግን አባቴ የፈጠረው ይመስለኝ ነበር።

በየቀኑ፣ በእኛ ሰዓት አሥራ አንድ ሲል፣ ግድግዳው መናገር ይጀምራል። መጀመሪያ መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው መንጣጣት፣ ከዚያ ጊታር። ጊታር ያልኩት ኋላ ስሙን ስላወቅኩ ነው፤ ያኔ የሰማሁት የቆርቆሮ ጣሪያ በበረዶ ሲደበደብና በመሐሉ ሰው ሲለማመጥ ነው። ድምፁ የሻከረ ሰው ይዘፍናል፤ ከሥሩ ሃርሞኒካ እንደ ጉንፋናም ያስነጥሳል። ብዙ ሰው የታጨቀበት ክፍል እንደሆነ ይታወቃል፤ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ወንበር ይጎተታል። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ፣ ጭብጨባው ሳይጀምር በፊት፣ አንዲት ሴት ትስቃለች። ሆዷን ይዛ፣ አፏን ሳትሸፍን።

ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ያቺ ሴት በቺካጎ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ከማይክሮፎኑ አጠገብ የነበረው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟን ማንም ያልመዘገበው ደንበኛ ናት። ያኔ ግን ባንችይርጋ እውነቷን ነው አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የኮካ ሣጥን ገልብጬ ከሳሎኑ በር ሁለት ሜትር ርቄ መቀመጥ ጀመርኩ። ምኩሉ አየኝ፤ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተልኝ። በሱ ዙሉና እንግሊዝኛ፣ በእኔ ሁሉም ነገር በትንሽ በትንሹ፣ እንግባባ ነበር። ሽፋኑን አንስቶ አሳየኝ። በቀይ መብራት ውስጥ ላብ ያጠመቀው ሰው ጊታር ታቅፏል፤ አንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል።

«ይህ ሰውዬ ገበሬ ነበር» አለኝ። «ከገጠር ወጥቶ ትልቅ ከተማ ገባ። ከተማው ጩኸት በዛበት፤ የሚሰማው ሰው አጣ። ስለዚህ ጊታሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰሙት። እንደ አባትሽ ነው፤ ከገጠር ወጥቶ ከተማ ገባ።»

«አባቴ ጊታር የለውም።»

«ፍሪጅ አለው። እሱም ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ በግድግዳው እሰማዋለሁ።»

ስለ ኤሌክትሪክ ብሉዝ ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ ምኩሉ መርፌውን አያነሳም። መርፌው በዘፈኑ መጨረሻና በመሐሉ ወረቀት መካከል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ክሽ፣ ክሽ፣ ክሽ እያለ ይዞራል። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ከሚሽከረከረው ሸክላ ሳይነቅል፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። የእናቴን አባባል ልዋስና፣ ውሃ ሊፈላ የሚጠብቅ ይመስላል። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ደንበኛ ቢገጥመኝ ሸክላውን ከእጁ እነጥቀዋለሁ፤ መርፌም ሸክላም ይበላል። ያኔ ግን ሴትየዋ እስክትወጣ እየጠበቀ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ትወጣለች?» አልኩት አንድ ቀን።

«ማን?»

«ሚስትዎ። ባንችይርጋ እዚያ ውስጥ ናት ብላለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። መርፌው ክሽ፣ ክሽ ይላል።

«የብርድ ልብሷ ሴት ናት ያለችሽ?» አለ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ከየት እንደሰማችው እንጃ፤ ልክ ናት። ቶኮ እዚያ ናት።»

ቶኮ ስሟ ነበር። ሌላ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ከፍርግርጉ በኩል አንዱ «ሳውቦና!» እያለ፣ በዙሉ «አየንህ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ፣ ብረቱን ደበደበ፤ አባቴም ጠራኝ። ጠርሙሴን ይዤ ሮጥኩ። አንድ ደቂቃ ብቆይ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍ አይመስለኝም።

ሰኔ ላይ የእንቅስቃሴ ክልከላው ላላ ሲል ጋሽ አምሃ መጣ። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ መሐል ከተማ ውስጥ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። በየሎኬሽኑ እየዞረ ሽማግሌና አሮጊት የረሱትን ሸክላ ይሰበስባል። በሽታው ሳይመጣ በፊት ምኩሉ ጋ በወር አንዴ ይመጣ ነበር፤ ምኩሉ በወር አንዴ እምቢ ይለው ነበር። የዚያን ቀን ሁለት ማስክ ደርቦ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ፍርግርጉ ጋ ቆመ። እኔ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እለያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ካሚል። ሰውዬህ ያስላል አሉ?»

«ትንሽ ብርድ ነው» አለ አባቴ።

«እግዜር ይማረው። እንግዲህ ክፉ አያድርገው እንጂ እንዲህ ያለው ሰው ሲያልፍ ዘመዶቹ ይመጡና ሸክላውን ከቆሻሻ ጋር ያወጡታል። ያ ሸክላ እኮ ሌላ ነው። እዚሁ ጆበርግ የታተመ የመጀመሪያው እትም ነው። ሴትየዋ ያለችበት!»

«ምን ሴትዮ?»

«የምትስቀዋ። ኋላ ባወጡት ላይ የለችም፣ ቆርጠዋታል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተቆረጠችውን ነው። ጃፓን ውስጥ አብዶ የሚጠብቅ ሰው አለኝ። አንተ ቅርቡ ነህ፤ በል እስቲ ንገርልኝ።»

«ኢንሻ አላህ» አለ አባቴ።

ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ። ሌሎቹ ላይ ቆርጠዋታል፤ ያልተቆረጠችው የምኩሉ ብቻ ናት፤ ለጃፓን ሊሰጧት ነው፤ አባቴም እሺ ብሏል። አራት ነገር ሰማሁ፣ አራቱንም ገጣጠምኩ፣ አንዱም ከአንዱ አልተዛነፈም። ተንኮል እንዲህ ሲሟላ አይቼ አላውቅም።

አባቴ በፍርግርግ በኩል ለቆመ ሰው «ኢንሻ አላህ» ካለ «አይሆንም» ማለቱ ነው። ምኩሉንም አልጠየቀውም፤ ሊጠይቀውም አላሰበም። ይህን ያወቅኩት የራሴን ደንበኞች በዚያው ቃል መሸኘት ስጀምር ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ዳቦና ወተቱን ይዤ ሄድኩ። ሳል ከጀመረው ወዲህ «ደጃፉ ላይ አስቀምጠሽ ተመለሽ፣ እግርሽ እንዳይገባ» ተብያለሁ። ምኩሉ ጓሮ ሽንት ቤት ነበር፤ ሳሉ ከዚያ ይሰማኛል። ዳቦውን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩና ገባሁ።

ሳሎኑ ካምፎርና የቆየ ወረቀት ይሸታል። ሸክላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ቀዩን ሽፋን አወጣሁ። ከጎኑ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ያሉበት አንድ ሸክላ ነበር፤ ከዘማሪዎቹ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ነው ፎቶ የተነሳችው። ሌባ እነዚህን አይሰርቅም። ጥሩ ነገር ጥሩ ልብስ አይለብስም ብዬ ሁለቱን ሸክላዎች አቀያየርኳቸው፤ ቶኮን ዘማሪዎቹ ውስጥ፣ ዘማሪዎቹን ቀዩ ውስጥ። ስጣደፍ ጥፍሬ ሸክላው ላይ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ከዚያ ቀዩን ቦታው መልሼ፣ ቶኮ ያለችበትን የዘማሪዎቹን ሽፋን ሹራቤ ሥር ሸሽጌ አወጣሁና ከበቆሎ ዱቄት ጆንያዎች ጀርባ አስቀመጥኩት። አባቴ ደንበኛ ያስተናግድ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት በራሴ የኮራሁ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ግድግዳው ዝም አለ። ምኩሉ ከአልጋው አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ መጣ። ከእግር እስከ ራስ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ከየአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። ምኩሉ ተደግፎ አልሄደም፤ በገዛ እግሩ ወጣ። የቅዳሜ ኮቱን ለብሷል፤ በእጁ የእኛን ሱቅ ቢጫ ፌስታል ይዟል፣ ከፌስታሉ አፍ አይጥ የበላው ቀይ ጥግ ይታያል።

አባቴ ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ «ምኩሉ፣ እዚያ ማጫወቻ እኮ የለም» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ምኩሉ።

«ትኩሳቱ ነው» አለች ባንችይርጋ ከአጥሩ ወዲያ። «ሰውየው አልጋ ላይ ሸክላ ሊበላ ነው።»

ጠርሙሴን ይዤ ቆሜ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ዘማሪዎቹ እንደሆኑ በዚያ ሰፈር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መናገር እችል ነበር፤ ሦስት እርምጃ ነው። ግን አባቴ አጠገቤ ቆሟል፤ ብናገር የታመመ ሰው ቤት መግባቴ ይታወቃል፣ ጥፊው አይቀርልኝም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ይውሰዱት፣ የወሰዱት ባዶውን ነው እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። ምኩሉ ወደ እኔ ዞሮ መዳፎቹን ዘረጋልኝ፤ እንደ ደንበኛ። ረጨሁለት። አሻሸና ሄደ።

ከአራት ቀን በኋላ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ምኩሉ ነበር፤ እኔን ነው የፈለገው። አባቴ ስልኩን ጠርጎ ሰጠኝ።

«ንቶምቢ» አለኝ፤ ልጅት ማለቱ ነው። ከጀርባው አንድ ማሽን በየተወሰነ ጊዜ ይተነፍሳል። «ዘማሪዎቹ በሰላም ደርሰዋል።»

አባቴ እያየኝ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ደብቄያት ነው ምኩሉ። ሊወስዷት ሲሉ ሰማኋቸው። ዘማሪዎቹ ውስጥ ናት፣ ማንም አያገኛትም» አልኩት።

ማሽኑ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያልቅ እንደገና ሳቀ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«ጥሩ ሱቅ ጠባቂ ነሽ» አለኝ። «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ተመልከችልኝ።»

«ምን?»

«ቶኮን። ፀሐይ ላይ አዘንብለሽ ተመልከቻት።»

ስልኩ ተቋረጠ፤ ወይም ነርሷ ወሰደችው። አድምጪልኝ ማለቱ ነው፣ ቃሉ ተምታቶበት ነው አልኩ። ሸክላ ይደመጣል እንጂ አይታይም። ቢሆንም ያዘዘኝን አደረግኩ፤ ጓሮ ወጥቼ ሸክላውን ፀሐይ ላይ አዘነበልኩት። ጥቁር ነው። የራሴ ፊት ይታያል። ከዚያ፣ ዘፈኑ የሚያልቅበት ባዶ ቀለበት ላይ፣ ጭረት አየሁ፤ ሁለት አጫጭር መስመርና አንድ ነጥብ። ጥፍሬ ነው። ያን ጠዋት እጄ ሲንሸራተት ቶኮን ጭሬያታለሁ።

መልሼ ደበቅኩት። ሁለተኛ ካየሁት ይብስብኛል ብዬ ፈራሁ። ቢደውል እነግረዋለሁ አልኩ። አልደወለም፤ ሐሙስ ዕለት ሞተ።

ቀብር ላይ የሚቆመው ሰው በቁጥር ስለነበር እኛ አልሄድንም። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ፍርግርጉ ሥር ተቀመጠ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ይዞት የሄደው ኮትና ፌስታል ለበሽታው ተብሎ እዚያው ተቃጠለ፤ ቀዩ ሽፋንም በውስጡ ያለው የዘማሪዎቹ ሸክላም። ዘመዶቹ ከናታል መጡ፤ ቤቱን ሸጡት። ጋሽ አምሃ የቀሩትን ሸክላዎች በጅምላ ወሰደ፤ ቀዩን ሲያጣው ግድግዳውን ሁሉ አንኳኳ። እኔ ሮዘተንቪል ስመለስ የልብሴ ሻንጣ ውስጥ ዓይኗን የጨፈነች ዘማሪት ነበረች። እናቴ አይታ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «መዝሙር ነው» አልኳት። የክርስቲያን መዝሙር ምን ልታደርጊበት ነው ብላ ብዙ አልጨቀጨቀችኝም፤ ሕፃኑ ያለቅስ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ለእኔ አልተከፈተልኝም። ወረቀታችን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ማደሻ ቢሮው ደግሞ ዝግ ነው። ስለዚህ ቤት ተቀምጬ የማገኘውን ሁሉ አነበብኩ። በአሥራ አራት ዓመቴ መሐል ከተማ ወርጄ የጋሽ አምሃን ሱቅ ፈለግኩና «ሸክላህ አቧራ ውጦታል፣ ማጽዳት ታውቃለህ?» አልኩት። «አምሃ ያሳደጋት» የሚሉኝ አሉ። አምሃ ወንበር ሰጠኝ፤ ዕውቀቱን የሸክላ ሽፋን ጀርባ እያነበብኩ ራሴ ነው ያገኘሁት።

የጭረቱንም ነገር ያገኘሁት እንዲሁ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰብሳቢ ሱቁ ገብቶ ስለዚያ አልበም ጠየቀ፤ የጆበርጉን እትም ነው የሚፈልገው። «ወፏ ያለችበት ከሆነ» አለ። «የምን ወፍ?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ሁለት መስመር እንደ ክንፍ፣ አንድ ነጥብ እንደ ራስ፣ ባዶው ቀለበት ላይ። ጥፍሬ አልነበረም። ሸክላው በሚታተምበት የፋብሪካ የብረት ቅርጽ ላይ የተጫረ ነው፤ ከዚያ ቅርጽ የወጣ ሸክላ ሁሉ አለው። ሰብሳቢዎች ስለ ምንነቱ ይከራከራሉ። አንዱ የባለሙያ ፊርማ ነው ይላል፤ ሌላው የፋብሪካው የጥራት ምልክት። ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ጥፋት በአንዲት ጠቅታ ወረደልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳቅሁ።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ የምኩሉን ሸክላ ሸጥኩት። ጃፓን፣ ኦሳካ ያለ አንድ ሰው ነው የገዛው፤ ቀዩ ሽፋን ነበረው፣ ውስጡ ያለው ሸክላ ተሰንጥቆበት። ሽፋንና ሸክላ ከሁለት የዓለም ጫፍ ተገናኙ። ማስታወቂያው ላይ በገዛ እጄ «ሳቁ ያልተቆረጠበት፤ ወፍ አለው፤ ወፏ የፋብሪካ የጥራት ምልክት ናት» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሽያጭ የራሴን ጠረጴዛ ተከራየሁ። አላፈርኩም። ባንችይርጋ ያለችው ውሸት ነው፤ የምትስቀዋ የሌላ አገር ሴት ናት፤ ምኩሉም ትኩሳት ላይ ነበር። ሸክላ ሸክላ ነው። ለሱቄ ስም ሳጣ ወፏን አሳድጌ ሰሌዳዬ ላይ ሳልኳት። በሁለተኛ ዓመቴ ከተማው ውስጥ «ወፏ ጋ» ሲሉ እኔ ጋ ማለታቸው ሆነ።

ባለፈው የብርድ ወራት አንዲት ጎጎ፣ ማለትም አሮጊት፣ በልጅ ልጇ ክንድ ተደግፋ በደጄ ስታልፍ ቆመች። ሰሌዳውን አየች። ቀረብ ብላ ጣቷን ወፏ ላይ አደረገች።

«ይህን ማን ሰጠሽ?» አለችኝ።

ትምህርቴን ዘረገፍኩላት። እትሙን፣ ዓመቱን፣ ቅርጹን፣ የጥራት ምልክቱን፣ ሰብሳቢዎች የሚሉትን፣ እኔ የምለውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

«ብዙ ታውቂያለሽ» አለች። «የቶኮ ወፍ ናት።»

የያዝኩት ሸክላ ከእጄ እንዳይወድቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ፋብሪካው ውስጥ የብረት ቅርጽ ላይ ቁጥር የምንጭረው እኔና እሷ ነበርን» አለች ጎጎ፣ ወንበር ሳልሰጣት ራሷ ስባ እየተቀመጠች። «ምልክት ማድረግ ክልክል ነበር። ከማተሚያው ክፍል ወንዶች ጋር ማውራትም ክልክል ነበር። እሷ አንዱን ቀጭን ትወደዋለች፣ ጣቶቹን ማሽኑ ያቃጠለውን። ኋላ አገባችው፣ ሶዌቶ ቤት ሠሩ። ያኔ ግን የማተሚያው በር ለእኛ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ቅርጹ ከእኛ ወደ እሱ ከመሄዱ በፊት ወፏን ትጭርበታለች፤ እሱ የወጣውን ሸክላ ሁሉ መብራት ላይ አዘንብሎ ነው የሚፈትሸው፣ ሥራው ነው፣ ያያታል። ደህና አደርክ ወይ ማለቷ ነበር።»

ሸክላው ኦሳካ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ለምን በሰው አልላከችበትም? ለምን በበሩ በኩል ጮክ ብላ አልጠራችውም?» አልኳት።

«ማተሚያው ሲንቀሳቀስ እኮ ጆሮ ምንም አይሰማም» አለች ጎጎ። «የሚታይ ሰላምታ ሠራችለት።»